የሙሐመዲያ ማኅበር አመሠራረትና ትምህርት ቤቶቹ

ሙሐመዲያ በኢንዶኔዥያ የሚገኝ የሙስሊሞች የትምህርትና የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው ኅዳር (ኖቬምበር) 18 ቀን 1912፣ በሂጅራ አቆጣጠር ዙልሒጃ 8 ቀን 1330፣ በጃቫ ደሴት በምትገኘው በዮግያካርታ ከተማ ሲሆን መሥራቹ ክያይ ሐጂ አህመድ ዳህላን ናቸው። ስሙ «የሙሐመድ ተከታዮች» እንደ ማለት ነው። ሥራው የተጀመረው አሥር በማይሞሉ ልጆችና በአንድ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ማኅበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች፣ ከ160 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም ሆስፒታሎችና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያዎች አሉት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዓይነት ትምህርት

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጃቫ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ሲሆን ልጁን ለማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ከፊቱ ሁለት መንገዶች ነበሩት፤ ሁለቱም ግን ሙሉ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ፔሳንትረን የሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። ፔሳንትረን በአንድ ዓሊም ቤትና መስጊድ ዙሪያ የሚበቅል ተቋም ነው። ዓሊሙ በጃቫ ቋንቋ ክያይ ይባላል። ደረሶቹ በዚያው እያደሩ፣ ወለል ላይ በክያያቸው ዙሪያ ተቀምጠው፣ የዐረብኛ ኪታቦችን እየተረጎመላቸው ይቀራሉ። ክፍል የሚባል ደረጃ፣ ፈተና፣ የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና በላቲን ፊደል መጻፍም አይሰጥም። ፔሳንትረን ብዙ ታላላቅ ዓሊሞችን አፍርቷል። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ድክመት ነበረበት፤ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ ነበር። ክያዩ ሲሞት ቦታውን የሚይዝ የተማረ ልጅ ወይም አማች ከሌለ ደረሶቹ ወደ ሌላ ክያይ ይበተናሉ፣ ግቢውም ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቅኝ ገዥው መንግሥት ከ1901 ጀምሮ ለአገሬው ሰው ትምህርት ማስፋፋትን እንደ ፖሊሲ ቢያውጅም በተግባር በሆላንድኛ የመማር ዕድል ያገኙት በዋናነት የመኳንንትና የመንግሥት ሹማምንት ልጆች ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የእስልምና ትምህርት በመደበኛው ሰዓት አይሰጥም። የክርስቲያን ሚሲዮኖች ትምህርት ቤቶችም ከመንግሥት ድጎማ እያገኙ ይስፋፉ ነበር። ስለዚህ ቁርአን የቀራው ልጅ ደብዳቤ መጻፍና ሒሳብ መያዝ ሳይችል ይቀራል፤ ሒሳብና ሆላንድኛ የተማረው ደግሞ ከሃይማኖቱ ይርቃል። አህመድ ዳህላን ሊደፍኑት የተነሡት ይህን ክፍተት ነው።

መሥራቹ

አህመድ ዳህላን በ1868 ካውማን በተባለው የዮግያካርታ ሰፈር ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሙሐመድ ዳርዊስ ነበር። ካውማን በሱልጣኑ ታላቅ መስጊድ ዙሪያ ያለ ጠባብ ጎዳናዎች የሞሉበት ሰፈር ሲሆን ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የመስጊዱ አገልጋዮችና ባቲክ የሚባለውን ባለ ሥዕል ጨርቅ የሚያመርቱ ነጋዴዎች ነበሩ። አባታቸው የታላቁ መስጊድ ኸጢብ ነበሩ። እሳቸውም በኋላ በዚያው መስጊድ በኸጢብነት አገልግለዋል፤ ኑሯቸውን ግን የሚደጉሙት ባቲክ በመነገድ ነበር።

በ15 ዓመታቸው ለሐጅ ወደ መካ ሄደው አምስት ዓመት ያህል እዚያው ተማሩ። አህመድ ዳህላን የተባለውን ስም ይዘው የተመለሱት ከዚህ ጉዞ ነው። በ1903 ዳግመኛ ወደ መካ ሄደው ለሁለት ዓመት ገደማ ቆዩ። በዚያ ዘመን በግብፅ ሙሐመድ ዐብዱህና ረሺድ ሪዳ ስለ ትምህርትና ስለ ሃይማኖት መታደስ የሚጽፏቸው ጽሑፎች በሐጃጆች አማካይነት እስከ ጃቫ ይደርሱ ነበር። ዳህላንም አነበቧቸው። ሆኖም ከግብፆቹ በተለየ እሳቸው ብዙ የጻፉ ሰው አይደሉም፤ ሐሳባቸው የሚታወቀው በአብዛኛው ከሠሩት ሥራና ተማሪዎቻቸው ከተረኩላቸው ነው።

የቂብላው ክርክር

ዳህላን ከአካባቢያቸው ዑለማ ጋር መጀመሪያ የተጋጩት በትምህርት ጉዳይ አልነበረም። በጃቫ የነበሩ ብዙ መስጊዶች፣ የዮግያካርታው ታላቅ መስጊድ ጭምር፣ ፊታቸው በቀጥታ ወደ ምዕራብ ነበር። መካ ግን ከዮግያካርታ ሲታይ ከምዕራብ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የፈለክ ስሌት የተማሩት ዳህላን በ1890ዎቹ መጨረሻ ዑለማውን ሰብስበው ጉዳዩን አወያዩ። ስምምነት ግን አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በታላቁ መስጊድ ወለል ላይ ትክክለኛውን አቅጣጫ የሚያሳዩ መስመሮች ተሠምረው ተገኙ፤ የመስጊዱ አለቃም መስመሮቹን አስጠፉ።

ዳህላን የራሳቸውን ትንሽ የሰፈር መስገጃ በስሌቱ መሠረት አሠርተው ነበር። የመስጊዱ አለቃ መስገጃው እንዲፈርስ አዘዙ፣ በሌሊትም ፈረሰ። ዳህላን በሁኔታው አዝነው ከነባለቤታቸው ከተማዋን ጥለው ለመሄድ ሲነሡ ዘመዶቻቸው ለምነው መለሷቸው፤ መስገጃውም እንደገና ተሠራ። ይህ ታሪክ በሁሉም የሙሐመዲያ ትረካዎች ውስጥ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጂኦግራፊና ሒሳብ ለሶላት ራሱ እንደሚያስፈልጉ ያሳያልና። ዓለማዊ የሚባለው ዕውቀት ለሃይማኖት ባዕድ አይደለም የሚለው የዳህላን ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረውም።

በእንግዳ ክፍል የተከፈተው ትምህርት ቤት

በ1908 ቡዲ ኡቶሞ የተባለ የጃቫ ምሁራን ማኅበር ተቋቋመ። አብዛኞቹ አባላቱ በሆላንድ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሹማምንት ነበሩ። ዳህላን በ1909 አባል ሆኑ። ለአንድ የመስጊድ ኸጢብ ያልተለመደ እርምጃ ነበር፤ ብዙ የተማሩትም ከዚህ ነው። የስብሰባ ሥርዓት፣ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብና የገንዘብ አያያዝ ያዩት በቡዲ ኡቶሞ ቤት ነው። በማኅበሩ አባላት አማካይነትም በከተማዋ ጄቲስ ሰፈር ባለው የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እስልምናን የማስተማር ፈቃድ አገኙ።

ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1 ቀን 1911 በካውማን መኖሪያ ቤታቸው መድረሳ ከፈቱ። ክፍሉ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ የእንግዳ መቀበያ ነበር። የነበረው ዕቃ ጥቂት ዴስኮች፣ አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ወንበሮቹ የተሠሩት የባቲክ ጨርቅ ተጭኖባቸው ከሚመጡ ሳጥኖች ጣውላ እንደሆነ ይነገራል። ዳህላን ሃይማኖቱን ሲያስተምሩ ዓለማዊውን ትምህርት የቡዲ ኡቶሞ አባላትና የማሠልጠኛው ተማሪዎች ያግዙ ነበር።

ዛሬ ላይ ሆኖ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ይህን ያህል ቁጣ ማስነሣቱን ማመን ያስቸግራል። የቁርአን ትምህርት ወለል ላይ ተቀምጦ እንጂ በወንበር ላይ፣ ያውም እንደ ሆላንዶች፣ መሰጠቱ በካውማን ሰዎች ዘንድ ከሃይማኖት መውጣት ተደርጎ ታየ። ዳህላንን «ካፊሩ ክያይ» የሚሏቸው ነበሩ። ከማገላንግ ከተማ አንድ ዓሊም መጥተው የካፊሮችን ዕቃ ለምን ትጠቀማለህ ብለው እንደወቀሷቸው ይተረካል። ዳህላን «ከማገላንግ እዚህ የመጡት በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እንግዳው በባቡር መምጣታቸውን ሲናገሩ፣ ባቡሩም የሆላንዶች ሥራ ነውና እንግዲያውስ ሲመለሱ በእግር መሄድ ይገባዎታል አሏቸው ይባላል። ታሪኩ እየተነገረ ሲሄድ ሳይሳል አልቀረም፤ ክርክሩ ግን እውነተኛ ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ወደዚህ መድረሳ የሚልክ ሰው ጥቂት ነበር፣ ዳህላንም የቀሩ ልጆችን ፍለጋ በየቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ማኅበር ለምን አስፈለገ?

በበዓል ቀናት የማሠልጠኛው ተማሪዎች የዳህላንን ቤት ይጎበኙ ነበር። በአንድ እንዲህ ባለ ጉብኝት መድረሳውን ያዩ ተማሪዎች ትምህርት ቤቱ በእርስዎ በግል ከቀጠለ እንደ ፔሳንትረኖቹ ከእርስዎ ጋር ይሞታል፣ ስለዚህ በማኅበር ይተዳደር የሚል ምክር አቀረቡ። የሙሐመዲያ ታሪክ መዞሪያ ይህ ምክር ነው ማለት ይቻላል። ሃይማኖትን ከሒሳብ አዋህዶ ማስተማር በጊዜው በሌሎች አገሮችም የታሰበ ነገር ነበር። ትምህርት ቤቱን ከመሥራቹ ነጥሎ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ደንብ ላለው አካል ማስረከብ ግን በጃቫ ዑለማ ዘንድ አዲስ ነገር ነበር።

ከአንድ ዓመት ያህል ዝግጅት በኋላ ማኅበሩ ኅዳር 18 ቀን 1912 ተመሠረተ። በቀጣዩ ወር በቡዲ ኡቶሞ ረዳትነት የሕጋዊ ሰውነት ማመልከቻ ለቅኝ ገዥው መንግሥት ገባ። መንግሥቱ ተጠራጥሮ ስለነበር መልሱ የመጣው በነሐሴ (ኦገስት) 1914 ነው፤ ያም ቢሆን ፈቃዱ ለዮግያካርታ አካባቢ ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፍ ለመክፈት የፈለጉ ደጋፊዎች ዘዴ ፈለጉ፤ የየራሳቸውን ማኅበር በሌላ ስም አቋቁመው ሥራውን እንደ ሙሐመዲያ ማካሄድ ጀመሩ። በፔካሎንጋን የነበረው «ኑሩል ኢስላም»፣ በማካሳር የነበረው «አል-ሙኒር» የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ፈቃዱ በ1920 ለመላው ጃቫ፣ በ1921 ደግሞ ለመላው ቅኝ ግዛት ሲሰፋ እነዚህ ማኅበራት በስሙ ሥር ገቡ።

የአል-ማዑን ትምህርት

ዳህላን የቁርአን 107ኛዋን ሱራ፣ አል-ማዑንን፣ ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ያስተምሩ ነበር። ሱራዋ ሰባት አንቀጽ ብቻ ያላት ሲሆን የቲምን የሚገፈትርንና ድሃን ለማብላት የማይገፋፋን ሰው ትወቅሳለች። ተማሪዎቹ ያቺኑ ሱራ መስማት ሰልችቷቸው አዲስ ትምህርት እንዲጀምሩላቸው ጠየቁ። ዳህላን ሱራዋን በሚገባ ታውቋታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። በቃል መያዛቸውን ሲናገሩም፣ ሠርታችሁባታል ወይ አሏቸው። ከዚያም ወደ ገበያ ወጥተው ድሆችን እንዲፈልጉ፣ ወደ ቤታቸው ወስደው ሳሙናና ልብስ ሰጥተው እንዲያጥቧቸው፣ እንዲያበሏቸውም አዘዟቸው።

ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ በማኅበሩ ውስጥ የችግረኞች መረጃ ክፍል ተቋቋመ። በ1919 የከሉድ እሳተ ገሞራ በምሥራቅ ጃቫ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ ለተጎጂዎች እርዳታ አሰባሰበ። በ1923 በዮግያካርታ፣ በ1924 በሱራባያ ክሊኒኮችን ከፈተ። የሙሐመዲያ ሆስፒታሎች መነሻ እነዚህ ናቸው።

የሴቶች ትምህርት

የዳህላን ባለቤት ሲቲ ዋሊዳህ ራሳቸው በመደበኛ ትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ያደጉት በቤት ውስጥ ቁርአን እየቀሩ ነው። ከጋብቻ በኋላ ግን የካውማን ሴቶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ቀን በባቲክ ሥራ የሚውሉ ሴቶች ከመግሪብ ሶላት በኋላ መጥተው ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያም ሃይማኖት ይማሩ ነበር። ከዚህ የማታ ትምህርት በ1914 «ሳፓ ትሬስና» የተባለ የሴቶች ቡድን ወጣ፤ በ1917 ደግሞ ስሙ «ዓኢሺያ» ተባለ፣ በነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት በዓኢሻ ስም።

ዓኢሺያ በ1919 የሕፃናት መዋያ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ትምህርት ለአውሮፓውያን ልጆች እንጂ ለአገሬው ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። በ1922 ለሴቶች ብቻ የሆነ መስገጃ በካውማን ተሠራ። በ1926 በሱራባያ በተደረገው የሙሐመዲያ ጉባኤ ሲቲ ዋሊዳህ ስብሰባ መሩ፣ የሱራባያ ጋዜጦችም ዘገቡት። ሴት ልጅ ቤቷ ትቀመጥ በሚባልበት ጊዜ የአንድ ኸጢብ ባለቤት ይህን ማድረጋቸው ከወንበሩና ከሰሌዳው ያላነሰ ጉዳይ ነበር። የማኅበሩ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ በዓኢሺያ ሥር ናቸው።

የመምህራን ደመወዝ

ትምህርት ቤት መክፈት ከማቆየት ይቀላል። የማኅበሩ ገቢ የአባላት መዋጮ፣ የነጋዴዎች ስጦታና ወቅፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አይበቃም። አንድ ጊዜ ለመምህራን ደመወዝ የሚከፈል 500 ጉልደን ሲጠፋ ዳህላን የሰፈሩን ሰው በከበሮ ጠርተው የቤታቸውን ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ልብስና ሰዓት ለጨረታ እንዳወጡ ይተረካል። ሕዝቡ ከተፈለገው በብዙ እጥፍ ገንዘብ ከፈለ፣ ብዙዎቹም የገዙትን ዕቃ ሳይወስዱ ሄዱ ይባላል።

በኋላ ማኅበሩ የሆላንድን መንግሥት ድጎማ ተቀበለ። የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ፣ ሆላንድኛ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፍቶ የቁርአን ትምህርት ጨመረባቸው። ክርስቲያኖቹ «ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር» የሚል ስም ለትምህርት ቤቶቻቸው ሲሰጡ ሙሐመዲያ በአንጻሩ «ከቁርአን ጋር» አላቸው። ድጎማውን መቀበሉ ግን ትችት አስከትሏል። በ1922 በዚያችው በዮግያካርታ በኪ ሐጃር ዴዋንታራ የተመሠረተው የታማን ሲስዋ የትምህርት ንቅናቄ ከቅኝ ገዥ ገንዘብ መውሰድን በመርህ ደረጃ አልተቀበለም። የሙሐመዲያ መሪዎች አቋም ደግሞ ገንዘቡ ከሕዝብ ግብር የተሰበሰበ ስለሆነ ወደ ሕዝብ ልጆች ቢመለስ ነውር የለውም የሚል ነበር። በሁለቱም ወገን ያለው ክርክር ክብደት አለው፤ ውጤቱ ግን ይታያል፣ የሙሐመዲያ ትምህርት ቤቶች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ።

ከዳህላን በኋላ

ዳህላን በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 1923 በ54 ዓመታቸው አረፉ። ተማሪዎቹ የፈሩት ፈተና መጣ፤ ማኅበሩ ግን አልተበተነም። መሪነቱን የሲቲ ዋሊዳህ ወንድም ክያይ ሐጂ ኢብራሂም ተረክበው አሥር ዓመት መሩት። በ1925 ሙሐመዲያ 4,000 ያህል አባላትና 55 ትምህርት ቤቶች ነበሩት። በዚያው ዓመት ሐጂ ረሱል በመባል የሚታወቁት ዓሊም ዐብዱልከሪም አምሩላህ ማኅበሩን ወደ ምዕራብ ሱማትራ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ እድገቱ ከጃቫ ውጭ ፈጣን ሆነ። በ1938 ማኅበሩ 250,000 አባላትና 1,774 ትምህርት ቤቶች እንዳሉት አስታወቀ።

እድገቱ ተቃውሞም ነበረው። የፔሳንትረን ዑለማ በ1926 ናህደቱል ዑለማ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ አንዱ ምክንያታቸው ነባሩን የመዝሀብ ሥርዓትና ልማድ ከተሐድሶ አራማጆች መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ጊዜ እያለፈ ሲሄድ በናህደቱል ዑለማ ሥር ያሉ መድረሳዎችም ክፍል፣ ሰሌዳና ዓለማዊ ትምህርት አስገቡ። በወንበር ላይ መቀመጥ ክርክር መሆኑ ቀረ።

ከማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ጋር ስማቸው የተያያዘ ሰዎች ብዙ ናቸው። የኢንዶኔዥያ ጦር የመጀመሪያው ዋና አዛዥ ጄነራል ሱዲርማን ከጦርነቱ በፊት በቺላቻፕ ከተማ በሙሐመዲያ ትምህርት ቤት መምህርና ርዕሰ መምህር ነበሩ። ሱካርኖ ወደ ቤንኩሉ በግዞት በተላኩበት ጊዜ በሙሐመዲያ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ በዚያ ያወቋትን የማኅበሩን የአካባቢ መሪ ልጅ ፋትማዋቲንም በኋላ አገቡ። ሱሃርቶ በልጅነታቸው የሌላው ትምህርት ቤት የደንብ ልብስና ጫማ መግዣ በማጣታቸው በሳሮንግና በባዶ እግር መማር ወደሚቻልበት ወደ ሙሐመዲያ ትምህርት ቤት መዛወራቸውን በሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል።

ትምህርት ቤቶቹ ዛሬ

ሁሉም የሙሐመዲያ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በትልልቅ ከተሞች ያሉት አንዳንዶቹ ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁና ወላጆች የሚሻሙባቸው ናቸው። በገጠርና በደሴቶች ያሉት ደግሞ ከመዘጋት ጋር የሚታገሉ ናቸው። የአንድሬያ ሂራታ «የቀስተ ደመና ወታደሮች» የተባለው የ2005 ልብ ወለድ የሚጀምረው በቤሊቱንግ ደሴት ያለ አንድ የሙሐመዲያ ትምህርት ቤት አሥር ተማሪ ካልሞላ ሊዘጋ በተቃረበበት ቀን ነው። ደራሲው ራሱ የተማረው በደሴቲቱ ባለ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲሆን መጽሐፉና በ2008 የወጣው ፊልም የትምህርት ቤቱን አምሳያ የጎብኚዎች መዳረሻ አድርገውታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል ያሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በፓፑዋና በምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ሕዝቡ በአብዛኛው ክርስቲያን ስለሆነ የሙሐመዲያ ተማሪዎችም በብዛት ክርስቲያኖች ናቸው። በኩፓንግ ከተማ ባለው የማኅበሩ ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹ ተማሪዎች ክርስቲያኖች ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች ለክርስቲያን ተማሪዎች የሃይማኖታቸውን ትምህርት የሚሰጡ ክርስቲያን መምህራን ይቀጥራሉ። ይህን ጉዳይ አጥንተው በ2009 መጽሐፍ ካሳተሙት ሁለት ጸሐፊዎች አንዱ የሆኑት አብዱል ሙዕቲ በኋላ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል፤ በ2024 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

በካውማን ፈርሶ የተሠራው የዳህላን መስገጃ ዛሬም ቆሟል፤ ከኢንዶኔዥያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚመጡ የሙሐመዲያ ተማሪዎች ይጎበኙታል።